የማይሸጎጥ ሽጉጥ፦ የውድድር ሪቮልቨር አበጃጀት ታሪክ

ሽጉጥ የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑ ለማንኛውም የቋንቋው ተናጋሪ ግልጽ ነው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ሽጉጥ ግን በወገብ ይሸጎጣል። እንግዲህ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ያተኮሩት በመሣሪያው ቅርጽ ወይም አሠራር ላይ ሳይሆን በአያያዙ ላይ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱ ሌላ ሥራ እየሠራ ከወገቡ የማይለየው፣ ክብደቱ የማይታክተው፣ በክፉ ቀን ግን በቅጽበት እጁ የሚገባለት መሣሪያ ሽጉጥ ተባለ። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ታሪክ በአሜሪካ አገር በሠለጠኑ እጆች እየተሻሻለ፣ እየተስተካከለና እየተዋበ ሄዶ በመጨረሻ ማንም ለሥራ ሊሸጉጠው የማይችለው ስለሆነ ሽጉጥ የሚናገር ነው።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከመካኒክ ሙያ ታሪክ አንድ ርእስ መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን የመረጥሁት ስለ ጦር መሣሪያ ለማውራት ካለኝ ፍላጎት አይደለም። የውድድር ሪቮልቨር በቶርኖ፣ በፍሬዛና በሞረድ የሚተዳደር ባለሙያ ሁሉ በየጊዜው የሚያጋጥመውን አንድ ጥያቄ ከሌሎች ዕቃዎች ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ጥያቄውም፦ አንድን መሣሪያ ለፈተናው ባሻሻልነው ቁጥር ለሥራውም እያሻሻልነው ነው ወይስ ከሥራው እያራቅነው? የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የመሣሪያው ጠባይና አራቱ ጉድለቶች

ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሪቮልቨር በመሠረቱ ቀላል ሐሳብ ነው። ብዙ አፈሙዝ ከመደርደር ይልቅ አንድ አፈሙዝ ብቻ ይኖርና ከኋላው ጥይት የጎረሱ ቀዳዳዎች ያሉት ሲሊንደር ይሽከረከራል፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ በተራው ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። በኮልት አሠራር ተኳሹ በመጀመሪያ ጥይቱን የሚመታውን ቃታ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ከዚያም በሌባ ጣቱ ምላጩን በቀስታ ይነካል። ይህ ነጠላ ስልት ይባላል። በ1851 ሮበርት አዳምስ የተባለ እንግሊዛዊ ባቀረበው ስልት ደግሞ ምላጩን መሳብ ብቻውን ሲሊንደሩን ያዞራል፣ ቃታውን ያነሣል፣ ይለቀዋልም። በኋላ ሁለቱ አሠራሮች በአንድ መሣሪያ ላይ ሲዋሐዱ ይህ ሁለተኛው ድርብ ስልት ተባለ።

ለመካኒክ ዓይን ሪቮልቨር አራት የተፈጥሮ ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ስድስቱም ቀዳዳዎች በየተራቸው ከአንዱ አፈሙዝ ጋር በፍጹም ትክክለኛነት መግጠም አለባቸው፤ አንዱ በፀጉር ያህል ቢዛነፍ አረሩ ወደ አፈሙዙ ሲገባ ተላልጦና ተጣሞ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሲሊንደሩ ይሽከረከር ዘንድ በእርሱና በአፈሙዙ መካከል ክፍተት ሊኖር ግድ ነው፤ በዚያ ክፍተትም ጋዝ ያመልጣል። ሦስተኛ፣ በድርብ ስልት ሲተኮስ አንዲት ጣት የሦስት ክፍሎችን ሥራ ስለምትሠራ ምላጩ ይከብዳል፤ የከበደ ምላጭም ማነጣጠሩን ያናጋል። አራተኛ፣ ስድስቱ ጥይቶች ካለቁ በኋላ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይወስዳል።

ከሁለተኛው ጉድለት ፈጽሞ የተገላገለው የቤልጂጉ ናጋን በ1895 ያወጣው ሪቮልቨር ነው፤ ቃታው ሲነሣ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተገፍቶ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ሶቪየቶችም በቱላ ፋብሪካ ቶዝ-36 የተባለውን የውድድር ሪቮልቨር የሠሩት በዚሁ መሠረት ላይ ነበር። አሜሪካውያን ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ክፍተቱን ሳያጠፉ በብልሃተኛ እጅ እያጠበቡ፣ የቀሩትንም ጉድለቶች አንድ በአንድ እያሳደዱ ሄዱ። የውድድር ሪቮልቨር ታሪክ የዚህ ማሳደድ ታሪክ ነው።

በአንድ እጅ ቆሞ የሚተኮስበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው የዘመናችን ኦሎምፒክ ጆን ፔይንና ሰምነር ፔይን የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች በሽጉጥ ተኩስ ተወዳደሩ። በ25 ሜትር የጦር ሠራዊት ሽጉጥ ውድድር ጆን በ442 ነጥብ አንደኛ፣ ሰምነር በ380 ነጥብ ሁለተኛ ሆኑ። ያሸነፈው ለሌላው ይልቀቅለት ብለው አስቀድመው ተስማምተው ስለነበር ጆን ከሚቀጥለው ውድድር ራሱን አወጣ፤ ያንንም ሰምነር በስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሩሲያ ሞዴል ሪቮልቨር አሸነፈ። በሌላ ውድድር ግን ይዘውት የቀረቡት መሣሪያ ከተፈቀደው ካሊበር ውጭ ነው ተብሎ ተከለከሉ። ጥሩ መሣሪያ ማለት ደንቡ የፈቀደው መሣሪያ መሆኑን የስፖርቱ ታሪክ ገና ከጅምሩ አስተምሯል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ የዒላማ ተኩስ የረጋ መልክ ያዘ። የአሜሪካ ሪቮልቨር ማኅበር በ1900 ተቋቋመ፤ ከ1907 ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊው ውድድር በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በካምፕ ፔሪ ይደረግ ጀመር። እየዳበረ የመጣው ደንብ ተኳሹ ቆሞ በአንድ እጁ እንዲተኩስ ያዛል። በ50 ያርድ ላይ ለአሥር ጥይት አሥር ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በ25 ያርድ ላይ ደግሞ አምስት ጥይት በሃያ ሰከንድ፣ ቀጥሎም አምስት ጥይት በአሥር ሰከንድ ይተኩሳል።

ፋብሪካዎቹ ለዚህ ስፖርት የሚስማሙ መሣሪያዎችን ማውጣት ጀመሩ። ኮልት በ1904 «ኦፊሰርስ ሞዴል» የተባለውን በሚስተካከል ማነጣጠሪያ አወጣ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በበኩሉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ማስተርፒስ» የሚባሉትን ሪቮልቨሮች አቀረበ። ይሁን እንጂ ፋብሪካ ለሺህ እጅ አንድ ዓይነት ዕቃ ይሠራል፤ ተወዳዳሪው የሚሻው ለገዛ እጁና ለገዛ ዓይኑ የተሠራ ነበር። በዚህ ክፍተት ውስጥ የግል ወርክሾፖች ገቡ። በ1930ዎቹ በሳንፍራንሲስኮ የነበረው የኪንግ ድርጅት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ድርጅቱ በአፈሙዙ ላይ የሚገጠም ጠፍጣፋ ሰንበር ይሠራ ነበር፤ የፊት ማነጣጠሪያው ቀይ ነጥብ እንዲያበራ ብርሃን የምታንጸባርቅ ጥቃቅን መስተዋት ያስገባ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የቃታውን ጆሮ ወደ ጎን አጣሞ ያሰፋው ነበር። ይህ የመጨረሻው እንደ ቅንጦት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን በአሥር ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ቃታውን በአውራ ጣቱ ለሚያነሣ ሰው እጀታውን ሳይለቅ ጣቱን ማድረስ መቻል የማሸነፍና የመሸነፍ ጉዳይ ነበር።

ይህ ሁሉ ብልሃት ቢደረግም ሪቮልቨር በዚህ ስፖርት ድል አልሆነለትም። ራሱ የሚያጎርሰው አውቶማቲክ ሽጉጥ በወርክሾፖች እጅ ትክክለኛነቱ እየጨመረ ሲመጣ፣ አውራ ጣትን ከነጭራሹ ከሥራ አሳረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት የካምፕ ፔሪ ተኳሾች አብዛኞቹ ሪቮልቨራቸውን በየሣጥናቸው አስቀመጡ። በዚህ ምክንያት የሪቮልቨር አበጃጀት ጥበብ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር፤ ያላበቃው የአሜሪካ ፖሊስ ሪቮልቨሩን ገና ከወገቡ ስላልፈታ ነው።

የፖሊሶች ውድድር

በወቅቱ በመላዋ አሜሪካ የፖሊስ መኰንን ትጥቅ ማለት ባለ .38 ስፔሻል ሪቮልቨር ማለት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍ ቢ አይ፣ ቆሞ በአንድ እጅ መተኮስ ለፖሊስ ሥራ እንደማይበቃ በመገንዘብ፣ ከማኅደር እየመዘዙ፣ ተንበርክከው፣ በደረታቸው ተኝተውና ከግንብ ጥግ ተከልለው የሚተኩሱበትን የተግባር ኮርስ አዘጋጀ። ይህ ኮርስ በየፖሊስ መምሪያው ተሠራጭቶ ውሎ አድሮ ወደ ውድድር ተለወጠ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበርም በ1962 የመጀመሪያውን ብሔራዊ የፖሊሶች ሻምፒዮና በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አካሄደ።

የውድድሩ ሙሉ ዓይነት 150 ጥይት የሚተኮስበት ሲሆን ከፍተኛው ውጤት 1500 ነጥብ ነው። ዒላማው የሰው ጥላ የሚመስል ወረቀት ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ሞላላ ክበብ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ7 ያርድ ላይ አሥራ ሁለት ጥይት በሃያ ሰከንድ ይተኮሳል፤ ይኸውም ሽጉጡን መምዘዝንና መካከል ላይ እንደገና ማጉረስን ይጨምራል። በ25 ያርድ ላይ በመንበርከክና ከመከለያ በግራና በቀኝ በኩል አሥራ ስምንት ጥይት በዘጠና ሰከንድ ይተኮሳል። በ50 ያርድ ላይ በመቀመጥ፣ በመተኛትና ከመከለያ ሆኖ ሃያ አራት ጥይት በሁለት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ይተኮሳል።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ውድድሩ ሲጀመር ዓላማው ፖሊሱ በየዕለቱ የሚታጠቀውን መሣሪያ በደንብ እንዲያውቅ ማድረግ ነበር። መለኪያው ለሥራው ተሠራ ማለት ነው። ነጥብ መቆጠር፣ ዋንጫ መሸለምና ስም መጠራት በጀመረ ጊዜ ግን ተወዳዳሪው «የትኛው ሽጉጥ ለሥራ ይስማማል?» ብሎ መጠየቁን ትቶ «የትኛው ሽጉጥ 1500 ያመጣል?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በየወርክሾፑ ነበር።

በወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ

በ1970ዎቹ የፖሊስ ውድድር ሪቮልቨር የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከተራ የፖሊስ ሽጉጥ፣ ለምሳሌ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ነበር። መነሻው ርካሽና የተለመደ መሆኑ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ባለሙያው የሚፈልገው የመሣሪያውን አካል፣ ሲሊንደሩንና የምላጩን ክፍሎች ብቻ ነው። ቀጭኑ አፈሙዝ ተፈትቶ ይጣላል፤ የማይስተካከለው የኋላ ማነጣጠሪያም በፍሬዛ ተልጎ ይጠፋል።

በቀጭኑ አፈሙዝ ምትክ ርዝመቱ ስድስት ኢንች፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ድፍን አፈሙዝ በቶርኖ ተዘጋጅቶ ይገጠማል። ለዚህ የሚሆነውን ብረት ከሚያቀርቡት መካከል የዌስት ቨርጂኒያው ዳግላስ ድርጅት ስሙ የታወቀ ነበር። የውፍረቱ ምክንያት ሁለት ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አፈሙዙ በእጅ መንቀጥቀጥ አይናወጥም፤ ሲተኮስም አይዘልም። በዚህም የተነሣ ተኳሹ ለቀጣዩ ጥይት ማነጣጠሪያውን ፈልጎ ማግኘት ሳያስፈልገው ካለበት ይጠብቀዋል።

ከውፍረቱ በላይ ግን ባለሙያዎቹን ያከራከራቸው በአፈሙዙ ውስጥ የተፈለፈለው ጥምዝ ቦይ ነበር። አረሩን እንደ እንዝርት የሚያሽከረክረውና በአየር ላይ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ይህ ጥምዝ ነው። በፖሊሶች ውድድር የሚተኮሰው አረር ከለስላሳ እርሳስ የተሠራ፣ 148 ግሬን ወይም 9.6 ግራም የሚመዝን፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ድፍን በርሜል መሰል ነገር ነው። ጥቅሙ ወረቀቱን እንደ መብሻ ክብ አድርጎ መቁረጡ ነው፤ ቀዳዳው የክበቡን መስመር ነክቷል አልነካም ብሎ ዳኛ የሚጨቃጨቅበት ነገር የለም። ጉድለቱ ደግሞ በዝግታ የሚሄድ በመሆኑ በሩቁ ሚዛኑን ሊስት መቻሉ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን አፈሙዝ በ18.75 ኢንች ርዝመት አንድ ዙር ብቻ ያዞረዋል፤ የኮልት አፈሙዝ ግን በ14 ኢንች አንድ ዙር። በ25 ያርድ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ በ50 ያርድ ላይ ግን ጎልቶ ይወጣል።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ አዲሱን አፈሙዝ በ14 ኢንች፣ አንዳንዶቹም በ10 ኢንች አንድ ዙር እንዲያዞር አድርገው ያስቦረቡሩ ጀመር። ሌሎች ደግሞ ከ1955 ጀምሮ የተሠራውን የኮልት ፓይተን ከባድ አፈሙዝ አውጥተው በስሚዝ ኤንድ ዌሰን አካል ላይ ገጠሙት። የአንዱ አፈሙዝ ይደነቅ ነበር፤ የሌላው ምላጭ ይወደድ ነበርና ሁለቱን ተቀናቃኝ ፋብሪካዎች በአንድ ሽጉጥ ላይ አጋቧቸው። ዲቃላውንም «ስሚቶን» እና «ስሞልት» እያሉ ጠሩት። የጥርሱ ልክ ስለማይገጣጠም ይህ ጋብቻ የሚፈጸመው በቶርኖ ላይ አዲስ ጥርስ በማውጣት ነበር።

አፈሙዙ ከገባ በኋላ ክፍተቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር እምብዛም እንዳይበልጥ ሆኖ ይስተካከላል። ከዚህ የጠበበ እንደሆነ ሲሊንደሩ በባሩድ ጥላሸት ይያዛል፤ የሰፋ እንደሆነ ጋዝና የእርሳስ ፍንጣሪ ይተፋል። ቀጥሎም ባለሙያው ስድስቱን ቀዳዳዎች በየተራ ከአፈሙዙ ጋር እያገጠመ በልክ በተሠራ ዘንግ ይፈትሻል። ሲሊንደሩን የሚያዞረውን ክንድና የሚያስቆመውን ምላስ እያነጻጸረ፣ ቃታው ሊወርድ ሲል ሲሊንደሩ ቀድሞ መቆሙን ያረጋግጣል። የመሣሪያው ዋጋ የሚለየው በዚህ ሥራ ነው። ይህ ለዓይን የማይታይ፣ ለፎቶግራፍ የማይመች፣ የሞረድ አንድ ጊዜ መንሸራተት የሚያበላሸው ሥራ ነው።

የምላጩ ነገር ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ በድርብ ስልት ለመሳብ አሥራ ሁለት ፓውንድ ያህል ኃይል ይጠይቅ የነበረው ምላጭ፣ የሚፋተጉት ክፍሎች በዘይት ድንጋይ ከተወለወሉና ሞላዎቹ ከተለወጡ በኋላ ወደ ሰባትና ስምንት ፓውንድ ይወርዳል። ዋናው ነገር ግን ቅለቱ ሳይሆን ወጥነቱ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆኖ መንከባለል አለበት። በዘመነ ካምፕ ፔሪ ሰፊና ሸካራ የነበረው የምላጭ ፊት አሁን ጠበብ ያለና ልሙጥ ሆነ፤ ምክንያቱም በድርብ ስልት ጣት በምላጩ ላይ መንሸራተት አለባትና። ኪንግ አስፍቶ ያጣመመው የቃታ ጆሮም በብዙዎቹ ሽጉጦች ላይ ተቆርጦ ተጣለ። ያው አንዱ ክፍል በአንደኛው ትውልድ ሲሰፋ በሁለተኛው ሲቆረጥ ማየት፣ «የተሻለ» የሚባል ነገር ከደንቡ ተለይቶ እንደማይቆም ያሳያል።

ነገር ግን የሞላው መላላት ዕዳ አለው። ቃታው በቀለለ መጠን ጥይቱን ሳያቀጣጥል ሊቀር ይችላል። ተወዳዳሪዎቹ ይህን ያመለጡት በቀላሉ የሚቀጣጠል ካፕሱል እየመረጡ ጥይታቸውን በገዛ እጃቸው በመሙላት ነበር። እንግዲህ ሽጉጡ የሚታመነው ለእርሱ ተብሎ ከተሞላው ጥይት ጋር ብቻ ሆነ። በውድድር ሜዳ ይህ ችግር አይደለም፤ የከሸፈች ጥይት ነጥብ ታስቀንሳለች እንጂ ነፍስ አታጠፋም። በመንገድ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በመጨረሻም በአፈሙዙና በአካሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ባለ ማነጣጠሪያ ሰንበር ይታሰራል። ቦ-ማር እና አሪስቶክራት የሚባሉት ዓይነቶች በሰፊው ይታወቃሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለተለያየ ርቀት አስቀድመው የተስተካከሉ ማረፊያዎች ስላሏቸው ተኳሹ ከ7 ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 50 ያርድ ሲሸጋገር በጣቱ አንድ ነገር ነካ አድርጎ ማነጣጠሪያውን ይለውጣል። በእጀታው ላይም መዳፍን የሚሞላ እንጨት ወይም ጎማ ይገጠማል። የተጠናቀቀው መሣሪያ ሲታይ ድፍን ብረት ላይ ድፍን ብረት የተጫነበት ከባድ ነገር ነው። በልኩ በተሰፋ ማኅደር ለአንድ ቀን ውድድር በወገብ ይውላል፤ በልብስ ሥር ተደብቆ፣ ወይም በመኪና ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ የሚውል ሰው ግን አይሸጉጠውም።

የማጉረስ ጉዳይና የኒውሆል ሌሊት

አራተኛውን ጉድለት፣ ማለትም የማጉረስን መዘግየት፣ በተመለከተ የውድድሩ አስተዋጽኦ የተለየ ነው። ስድስት ጥይቶችን በአንድ ጊዜ ይዞ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚለቅ ማጉረሻ ሐሳቡ የቆየ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውቶማቲክ ሽጉጥ አልዳረስ ስላለ የአሜሪካ ጦር በ1917 ለሪቮልቨር የአውቶማቲኩን ጥይት ሲያቀርብ፣ ሦስት ሦስት ጥይቶችን የሚያያይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስስ ብረት አብሮ ሰጥቷል። ይሁንና በፖሊሱ ዓለም ለብዙ ዘመን ጥይት የሚያዘው በቀበቶ ላይ በነጠላ ነበር፤ የሚጎርሰውም በጣት እየተለቀመ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 6 ቀን 1970 በካሊፎርኒያ በኒውሆል አቅራቢያ በአንድ ሌሊት አራት የሀይዌይ ፖሊሶች ከአምስት ደቂቃ ባልበለጠ ተኩስ ተገደሉ። ከእነርሱ አንዱ የተገደለው ባዶ የሆነውን ሪቮልቨሩን በነጠላ ጥይት እያጎረሰ ሳለ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየማሠልጠኛው ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ፤ ይኸውም መኰንኑ በተኩስ ሜዳ እንደለመደው ባዶ ቀለሆቹን መሬት ላይ እንዳይጥል ለቅሞ ኪሱ ከትቶ ተገኘ የሚል ነው። በኋላ የተደረገው ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ይህ እንዳልነበረ፣ ቀለሆቹም መሬት ላይ እንደተገኙ አስረድቷል። ታሪኩ ሐሰት ቢሆንም ለምን በቶሎ እንደታመነ ማሰብ ይገባል። በሜዳው ደንብና በመንገዱ ሥራ መካከል ያለው ርቀት ፖሊሶቹን ራሳቸውን ያሳስባቸው ነበርና፣ ፍርሃታቸው ታሪክ ሆኖ ወጣ።

የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፖሊስ ከዚህ በኋላ ፈጣን ማጉረሻን ቀድመው ከተቀበሉት ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ሆነ። በውድድሩ ሜዳ በሃያ ሰከንድ አሥራ ሁለት ጥይት መተኮስ ግዴታ በመሆኑ ፈጣን ማጉረሻ የተወዳዳሪው የዘወትር ዕቃ ነበር። እንግዲህ ከውድድሩ ወደ ሥራው የተመለሰው ነገር ምን እንደሆነ ማስተዋል ያሻል። ከባዱ አፈሙዝ አልተመለሰም፤ ባለ ሦስት ማረፊያው ማነጣጠሪያም አልተመለሰም። ለሥራው የጠቀመው በጣት ተጠምዝዛ ወይም ተገፍታ ስድስት ጥይት የምትለቅ ርካሽ ዕቃ ነበረች። በመድረክ ላይ የሚታየው አንጸባራቂው መሣሪያ ሲቀር፣ ማንም ያላደነቃት ትንሿ ዕቃ ነፍስ ታድናለች።

ደንብ እንደ ልጓም

የውድድሩ ኃላፊዎች የሆነውን ሳያዩ አልቀሩም። መሣሪያው ከወገብ እየወጣ፣ ከተራው ፖሊስ ደመወዝም እየራቀ መሄዱን በመገንዘብ፣ ከነፃው ምድብ ጎን ሌሎች ምድቦችን ከፈቱ። በነፃው ምድብ የአፈሙዝ ርዝመት ከስድስት ኢንች እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ለሥራ ሪቮልቨር በተከፈተው ምድብ ከአራት ኢንች እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚያዙት አጫጭር ሽጉጦችም ለብቻው ውድድር ተዘጋጀ። በእነዚህ ምድቦች ከባዱ አፈሙዝና ትልቁ ሰንበር ቦታ የላቸውም። ባለሙያው የሚፈቀድለት በውስጥ ያለውን ማስተካከል ብቻ ስለሆነ፣ የእጁ ጥበብ በብረት ብዛት ሳይሸፈን ይታያል።

በሌላ በኩል የፖሊሶቹ ውድድር ከእውነተኛው ግጭት ርቋል የሚሉ ወገኖች በ1976 በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በኮሎምቢያ ከተማ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የተግባር ተኩስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ጄፍ ኩፐርም መሪያቸው ሆነ። ዓላማቸው ሽጉጡን ወደ ወገብ መመለስ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በእነርሱም ሜዳ ላይ ባለ መነጽር፣ ባለ ጋዝ መተንፈሻ፣ ለሥራ የማይያዙ የእሽቅድምድም ሽጉጦች ነገሡ። በኋላም እንደ ፊተኞቹ ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጡ ለሚያዙ ሽጉጦች ምድብ መክፈት ግድ ሆነባቸው። ከዚህ የምንረዳው ጥፋቱ የአንድ ማኅበር ወይም የአንድ ደንብ አለመሆኑን ነው። ነጥብ ባለበት ሁሉ መሣሪያ ወደ ነጥቡ ያዘነብላል።

ከወገብ ከወረደ በኋላ

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች በብዛት ወደ አውቶማቲክ ሽጉጥ ተሸጋገሩ፤ ሪቮልቨርም ከፖሊስ ወገብ ወረደ። በዚህ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ውድድሩ ለሚለካው ሥራ መሣሪያው አገልግሎቱን ቢያቆምም፣ ውድድሩና የውድድሩ ሪቮልቨር ግን ቀሩ። የ1500 ነጥቡ ውድድር ከአሜሪካ ወጥቶ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በአውስትራሊያ በሲቪሎች ዘንድ ሥር ሰደደ። መለኪያው ከሚለካው ነገር ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

በፈጣን ተኩስ ረገድም ሪቮልቨር ክብሩን አላጣም። በ1932 ኤድ ማክጊቨርን አምስት ጥይት በ0.45 ሰከንድ በመተኮስ ድርብ ስልት የት ሊደርስ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። በ1999 ደግሞ ጄሪ ሚኩሌክ በባለ ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ ሌላ ስድስት የተኮሰበት ጊዜ 2.99 ሰከንድ ብቻ ሆነ። የተጠቀመባት ማጉረሻ የ1917ቷ የግማሽ ጨረቃ ብረት ሙሉ ጨረቃ የሆነችው እኅት መሆኗን ስናስታውስ፣ አራተኛው ጉድለት በመጨረሻ በምን ያህል ትንሽ ነገር እንደተሸነፈ እንረዳለን።

እንግዲህ በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። የውድድር ሪቮልቨር ባለሙያዎች ስሕተት ሠርተዋልን? በእኔ አስተያየት አልሠሩም። የተሰጣቸውን ፈተና በታማኝነት አልፈዋል፤ ስድስት ቀዳዳ ከአንድ አፈሙዝ ጋር የማግጠምን ጥበብም ከፋብሪካው በላይ አድርሰውታል። የተሳሳተ ሰው ካለ፣ በሜዳው ላይ ያማረውን መሣሪያ አይቶ ሥራው አብሮ ያማረ የመሰለው ነው። ባለሙያው እጁን ይጠብቅ፤ ደንብ አውጪው ግን መለኪያውን በየጊዜው ከሥራው ጋር እየወሰደ ማስተያየት አለበት። ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደሆነ የሚሸልመው ሥራውን ሳይሆን መለኪያውን ራሱን ይሆናል።

በየማኅበራችን ወርክሾፕና በየማሠልጠኛው ለተማሪ የምናወጣው የእጅ ሥራ ፈተና፣ ለአዲስ ማሽን የምንሰጠው የጥራት ነጥብ፣ ለዓመቱ ምርጥ ሥራ የምንሸልመው ዋንጫ ሁሉ ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ዕቃው ከጠረጴዛው ላይ ወርዶ ወደ ባለቤቱ ወገብ መመለስ ይችል እንደሆነ አንድ ጊዜ መጠየቅ ለሙያችን አይከብድም። ሽጉጥን «ሽጉጥ» ብለው የሰየሙት ሰዎች የዕቃው ዋጋ በአያያዙ እንደሚለካ በአንዲት ቃል ነግረውናል።